ተሻለች ቡልቡላ ላይ ስላወረደችው ሙሾ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ታላቅ ወንድሜ ለቄስ ኃይለጊዮርጊስ፤ መንዝ፣ መሐል ሜዳ።

እንደምን ሰነበቱ? የመንዝ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎ ለቅዳሴ መቆሙን ይችላል ወይ? ዓይንዎስ እንዴት ሆነ? አሁንም መጽሐፉን ከፊትዎ አርቀው ነው የሚያነቡት? እትዬ ይርጋለም ወገባቸው እንዴት ነው? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በላይ ደኅና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽዎትም። እጄ እንደሚያውቁት ቶሎ አይጽፍም። በርበሬ ቀንጥሼ ሳርፍ ትንሽ እየጻፍኩ፣ መልሼ እየተውኩት ስለ ሰነበትኩ ፊደሉ አንዱ ጋ ወፍሮ አንዱ ጋ ቢቀጥንብዎት አይታዘቡኝ።

የልጄን መርዶ የሰማሁበትን ጠዋት ለማንም ጽፌ አላውቅም፤ ለእርስዎ ልጽፈው። ወሩ ጥር ነበር፤ ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ስወጣ የሠፈሩ ሰው ግቢውን ሞልቶታል። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ከሴቶቹ መሐል እማማ ጤናዬ ቆመዋል። እሳቸው የሠፈራችን ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ ሰው በተሰበሰበበት አንደበታቸው አርፎ አይቼ አላውቅም። ያን ጠዋት ግን ከንፈራቸውን ገጥመው መሬት መሬት ያያሉ። ማንም ሳይናገር «ልጄ ናት?» አልኩ። እማማ ጤናዬ «አዎ እናቴ፣ ተሻለች ናት» አሉኝ። መንገዱ ሩቅ፣ አገሩ ሙቀት ስለሆነ እዚያው በምታስተምርበት ቡልቡላ ቀብረዋት ነበር። አፈር እንኳን አላለበስኳትም።

አሁን ብዕር ያነሳሁት ግን ለመርዶው አይደለም፤ እሱን ያኔውኑ ሰምተው አልቅሰዋል። የእህል ነጋዴው ገብረወልድ፣ የአክስታችን ልጅ፣ ሰሞኑን ከእናንተ ዘንድ መጥቶ እኔ ቤት አርፎ ነበር። ሙት ዓመቷ ጥር ላይ ነው፤ በአባቶቿ ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ይደረግላት፣ አጎቷ ስሟን ያንሱላት ብዬ በእሱ ልኬብዎት ነበር። «ምን አሉ?» ስለው አንገቱን ያክካል። በኋላ ሳስጨንቀው አወጣው። «ቄሱ እንቢ ብለዋል። በቁሙ ላለ ሰው ሙሾ ያወረደች ሟርተኛ ናት፤ ሟርቷም በራሷ ላይ ወረደ፤ እኔ በአባቶቼ መቃብር ፊት ስሟን አልጠራም ብለዋል» አለኝ። ወንድሜ፣ አልተቆጣሁም። ወሬ ከቡልቡላ ተነስቶ መንዝ እስኪደርስ ስንት አፍ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ብቻ የሆነውን ከእኔ ይስሙት። ከሰሙት በኋላም እንቢ ካሉ ያኔ ዝም እላለሁ።

ሊጠይቁን ናዝሬት የመጡበትን ፋሲካ ያስታውሱታል? ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ገና በሕይወት ነበር፤ ከወንጂ የሸንኮራ አገዳ በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ተሻለች ያን ጊዜ ጥርሷን እየነቀለች ነበር። እርስዎ ከግራሩ ሥር ተቀምጠው ጠዋት ያደረሱትን ዜማ በለሆሳስ ሲሉ፣ እሷ አጥሩ ጥግ ሆና ትቀበልዎት ጀመር። ግን እንደ እርስዎ አላለችውም። ሲወርድ እሷ ታወጣዋለች፣ ሲያጥር እሷ ትጎትተዋለች። እርስዎ ጢምዎን ይዘው እስኪያነባዎት ሳቁ። «ይህች ልጅ እኔን መጣች» አሉ። እኔም ዲያቆን ሳሉ የሆነው ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ። መሪጌታው «ዜማው እንደተሰጠህ ነው፣ ከሆድህ አትጨምርበት!» ብለው ከማኅሌት ያስወጡዎት ቀን እናታችን ደጅ ቆማ «ልጄ ምን ያድርግ፣ ድምፁ እሺ አይለው!» ስትል ነበር። ያ ድምፅ ከእኛ ቤት ነው ለተሻለች የደረሳት። ከመንገድ አልለቀመችውም።

ሕመሟንም ያውቁታል። ጉሮሮዋን ሲያማት፣ መገጣጠሚያዋን ሲያማት አደገች፤ በኋላ ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ሕመሙ ልቧ ላይ ደርሷል አለን። አትሩጥ፣ ከባድ አታንሳ፣ ዳገት አትውጣ አለ። ናዝሬት ሜዳ ስለሆነ እግዜር ይመስገን አልኩ። የትምህርት ቤት ልጆች ግን ሜዳውም ይበቃቸዋል። የማትሮጥ ልጅ አገኙ። ደብተሯን ቀምተው ይሄዳሉ፣ ነጠላዋን ይጎትታሉ። አንድ ቀን ገፍትረው ጥለዋት ከንፈሯ ጠቁሮ መጣች። ጋሪ ነጂው ጋሽ ፈይሳ በራችን ላይ ፈረሳቸውን ውኃ ሲያጠጡ አገኟት።

ጋሽ ፈይሳን አይረሷቸውም፤ ያን ፋሲካ ከባቡር ጣቢያ አምጥተውዎት፣ ከጋሪያቸው ወርደው መስቀል የተሳለሙት ናቸው። ፈረስ ደረታቸውን ረግጧቸው ከዚያ ወዲህ ትንፋሻቸው አጭር ነው። አማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛው ጣልቃ ይገባል። ልጄን አዩና «ኢንተላ ኮ» አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንቺና እኔ አንሮጥም። ሌላው ሰው እንዴት እንደሚመታ ይማራል፤ አንቺ እንዴት እንደምትቀመጪ ነው የምትማሪው።» እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የምር ነው። ከግራሩ ሥር ወሰዷትና ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ አስቀመጧት። «ሳይጥሉሽ በፊት ራስሽ ተቀመጪ። የቆመን ሰው መግፋት ቀላል ነው፤ የተቀመጠውን መጎተት ግን ጎበዝም ያደክማል። ጀርባሽን ግን ባዶ አትተዪው፤ ግድግዳ፣ ግንድ፣ የቆመ ጋሪ፣ ያገኘሽውን ስጪው» አሏት። ነጠላዋን ቢይዙ እንድትተውላቸው፣ እጇን ቢይዙ ክንዷን ወደ ያዛት ሰው አውራ ጣት በኩል አዙራ እንድታስለቅቅ አሳዩአት። በትርም ቆረጡላት። «ከፍ አታድርጊው፤ ከፍ ያለ በትር ይቀማል። ጫፉ መሬት መሬት ይይ፤ የሰው ቅልጥም እዚያ ነው ያለው።»

ቢያዩአቸው ይስቁ ነበር። አንድ ደረቱ የተረገጠ ሽማግሌና አንዲት ልብ ሕመምተኛ ልጅ በትር ይዘው ይታገላሉ። ጥቂት ይሞክሩና ሁለቱም ያለከልካሉ፣ ቁጭ ብለው ውኃ ይጠጣሉ፣ ያወራሉ። ውጊያቸው ከዕረፍታቸው ያንስ ነበር። እሷ ስትቸኩል እሳቸው «ሱታ፣ ሱታ!» ይላሉ፣ ቀስ ማለት ነው። ከሁሉ አብልጠው የሚነግሯት ስለ ትንፋሿ ነበር። «ጩኸት ትንፋሽ ይበላል። አንዴ ከጮኽሽ ለሁለተኛው አይተርፍሽም። ስለዚህ ሰው የሚያመጣልሽን ነገር ካላገኘሽ አፍሽን አትክፈቺ» ይሏት ነበር። ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን ያ ግራር፣ ያ አቧራ፣ ጋሪው ላይ የተሰቀለው ቃጭል፣ የሁለቱ ሳል ይመጣብኛል። ያን ጊዜ ደስታ መሆኑን አላወቅሁትም።

ሰው የሚያመጣውን ነገር ያገኘችው ከእማማ ጤናዬ ነው። እማማ ጤናዬ ከቀብር ሲመለሱ ጉሮሯቸው ደርቆ እኛ ቤት ይቀመጡ ነበር። ተሻለች ከእግራቸው አትጠፋም። አንድ ጊዜ የጎረቤታችንን አውራ ዶሮ ሸለመጥማጥ በላው። ልጄ ነጠላዬን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ላባው የተበተነበት ቦታ ቆማ እንዲህ አለች፤

ቀዩ አውራ ዶሮ የሠፈራችን፣
እንግዲህ ማን ያንቃን ሲነጋ ሌሊታችን።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እማማ ጤናዬ ግን አልሳቁም። «ማን አስጠናሽ?» አሏት። «ማንም። አሁን ነው የመጣልኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ አጠገባቸው እያስቀመጡ አሳዩአት። የሚሏት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «የግጥሙ የመጀመሪያ ቤት ለማየት ነው። አፍሽ እሱን ሲጎትት ዓይንሽ ሁለተኛውን ይፈልግ፤ በሩ ላይ የቆመውን ጫማ፣ የሚስቲቱን እጅ፣ ያልታሰረውን በሬ እይ። ከቤትሽ የተሠራ ግጥም ይዘሽ አትምጪ፤ ሰው ያውቃል።» እሷ ደግሞ ትንፋሿ አጭር ስለሆነ ረጅሙ ዜማ ላይ ይቋረጥባታል። ታፍር ነበር። «አትደብቂው» አሏት። «ያለቀብሽ ቦታ ላይ ዜማውን ስበሪው። ቀጥ ብሎ ከሚሄደው ይልቅ እዚያ የተሰበረው ነው አንጀት የሚበላው።» እንዲህ ሆና ተማረች። አንዱን ዜማ ሁለት ጊዜ በአንድ መንገድ ብላው አታውቅም። ወጥ ስትሠራ፣ ልብስ ስታጥብ፣ ፀጉሬን ስትሠራኝ ያየችውን ሁሉ እያዜመች ታወጣው ነበር። አሁን ቤቴ ዝም ያለ ነው፤ ድስት ሲንተከተክ ይሰማኛል።

ሁለቱን ትምህርት መጀመሪያ አንድ ያደረገችው እዚሁ ናዝሬት ነው። ያ ክፉ ዘመን እንዴት እንደነበር እርስዎም ያውቁታል፤ አልጽፈውም። ሰው ኡኡ ሲባል ሰምቶ በሩን ይቀረቅር ነበር። ዘመኑ ካለፈ በኋላም ልማዱ ቀርቶብን ነበር። እሷ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ሰካራም ነጠላዋን ያዘ። ተወችለት። ክንዷን ያዘ። ተሻለች ከሱቁ ግድግዳ ሥር ቁጭ አለችና ሙሾ ጀመረች! ለጩኸት በራቸውን የማይከፍቱት ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ከየቤቱ ወጡ። ሰካራሙ ለቅሶ ቤት የገባ መስሎት ኮፍያውን አውልቆ ቆመ አሉ። «ማነው የሞተው? የማነሽ ልጅ?» ሲሏት «ማንም አልሞተም። እኔ ነበርኩ ልሞት የነበረው» አለች። «አቤት ሟርት! እኔ እኮ ልቤ ቀጥ ብላ ነበር!» እያሉ ሰደቧት፤ ግን እቤት ድረስ ከበው አመጧት። ጋሽ ፈይሳ ሲሰሙ በሳቅ ሳል ያዛቸው። እማማ ጤናዬ ግን ተቆጡ። «ሙሾ መጫወቻ አይደለም! እግዜር ይቆጣል!» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ቆይተው ቆይተው ግን ወደ እሷ ጠጋ ብለው «የመጀመሪያውን ቤት ምን ብለሽ ነበር?» ሲሏት ሰማኋቸው።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ በመሠረተ ትምህርት አስተማሪነት ቡልቡላ ደረሳት። ልከለክላት ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ሥራው ተቀምጠው የሚሠሩት ነው፣ አገሩም ሜዳ ነው አለችኝ። ስትጽፍልኝ ደስታዋ ከወረቀቱ ላይ ይነበባል። ስለ ሐይቁ፣ በሐይቁ ዳር ስለሚቆሙት ቀይ ወፎች፣ ፊደሉን በዜማ እያለች ስለምታስቆጥራቸው ገበሬዎች ትጽፍ ነበር። አንድ ሽማግሌ «የትናንቱን ዜማ ስናጠና አድረን ዛሬ በሌላ መጣሽብን፣ አስተማሪ!» ብለው ወቀሷት። ከቢሾፍቱ የመጣች ሙሉብርሃን የምትባል ልጅ አብራት አንድ ቤት ትኖር ነበር፤ እሷም አስተማሪ ናት፣ ከተሻለች ታንሳለች። ከዚህ በታች የምጽፈውን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ከቡልቡላ ለለቅሶ የመጡት ሌሎቹም አንድ ቃል ሳይቀይሩ እንዲሁ ነው የነገሩኝ።

ሰብስቤ የሚባል የዚያው የቡልቡላ ወጣት ሙሉብርሃንን ለጋብቻ ጠይቆ ነበር፤ እሷ አልፈለገችም። ሰብስቤ መንገድ ዳር ሽንኩርት መኪና ላይ የሚጭን ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ ዘውድነሽ እዚያው መንገድ ላይ ሻይ ቤት አላቸው፤ ያላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነው። እንቢታው ሲያንገበግበው ጓደኞቹን ይዞ ሊጠልፋት ተነሳ። የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ትምህርቱ አልቆ ሁለቱ ልጆች ወደ ቤት ሲገቡ፣ ኤንትሬ የጭነት መኪና ደጃቸው ቆመ። ሰብስቤ ወርዶ ሙሉብርሃንን አንቆ ይጎትታት ጀመር። ጮኸች። ሰው ሰምቷል፤ ግን ጠለፋ መሆኑን አውቆ «የወጣቶች ነገር ነው፣ በሽማግሌ ያልቃል» ብሎ ቆሞ ያያል።

ልጄ ሮጣ አትደርስም። ታግላ አታስጥልም። በትሯን ይዛ ቀስ እያለች ሄደችና ከመኪናው የፊት ጎማ ሥር ቁጭ አለች። ጀርባዋን ለጎማው ሰጠች። ሾፌሩ «ተነሺ፣ ልጨፈልቅሽ ነው!» ቢላት ቀና ብላም አላየችው። ከሰብስቤ ጓደኞች አንዱ ሊያነሳት ሲመጣ በበትሯ ቅልጥሙን አለችው፤ እግሩን ይዞ ዘለለ። ከዚያ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ወደ ገበያው ዞረችና ጀመረች፤

አንተ ሰብስቤ ሆይ የዘውድነሽ ልጅ፣
ማን ይጭነው ይሆን ሽንኩርቱን ከደጅ።

ሰብስቤ ስሙን ሲሰማ ደነገጠ። «ምን ትላለች ይህች? አፏን ያዙልኝ!» ይላል። ሊይዛት የደፈረ የለም፤ ሙሾ የምታወርድን ሴት ማን ይነካል? እሷ ቀጠለች፤

እናቱ ሻይ ስታፈላ ማን ሄዶ ይንገራት፣
ያሳደገችው ልጅ ዛሬ እንደጠፋባት።

ወንድሜ፣ ድምፅዋን ያውቁታል። ገበያው ተነቀለ። ሰብስቤን መኪና ገለበጠው ተባለ። ሰው እህሉን፣ ዶሮውን እየጣለ መጣ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ነጠላቸውን ጥለው፣ በባዶ እግራቸው፣ ደረታቸውን እየደቁ «ልጄን! ልጄን! የኔን ጥላ!» እያሉ ሰዉን ሰንጥቀው ደረሱ። ልጃቸው ቆሟል። እጁ የሰው ልጅ አንቆ ይዟል። ሴትዮዋ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ በትሩን ከተሻለች እጅ ወሰዱና ልጃቸውን ትከሻ ትከሻውን ያሉት ጀመር። «እንዲህ ሆነህ ነው ወይ ቆመህ ያገኘሁህ? ሞተህ ባገኝህ እኮ አልቅሼ እቀብርህ ነበር! ይህን የት እቀብረዋለሁ?» ይላሉ። ሰብስቤ «እማዬ፣ እማዬ፣ ሰው ያያል» ቢል «ይይ! አንተ የሰው ልጅ ስትጎትት ሰው አላየህም?» አሉት። ለቀቃት። ከሰዉ መሐል አንዱ «ሰብስቤ፣ እንኳን ነፍስህ ተመለሰች!» ብሎ ጮኸ፤ ቆሞ ሲያይ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ሙሉብርሃን ያን ቀን እንዲህ ሆና ከጠለፋ ዳነች። ዛሬ ቢሾፍቱ እናቷ ዘንድ ሆና ታስተምራለች።

ልጄን ከጎማው ሥር ሲያነሷት ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። አልጋ ላይ ዋለች። ወይዘሮ ዘውድነሽ በየጠዋቱ አጥሚት ይዘውላት ይመጡ ነበር። እሷም «ልጅዎን ስለገደልኩብዎት ይቅርታ» ስትላቸው ሁለቱም ይስቁ ነበር አለችኝ ሙሉብርሃን። ትንሽ ተሽሏት መቀመጥ ጀምራ ነበር። አንድ ጠዋት ፀጉሯን እያበጠረች ሳለ ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። ያ ነው፤ ሌላ የለም። ሐኪሙ ልቧ ያን ያህል ዓመት መምታቱም እንደሚገርመው ተናግሯል። ያ ሙሾ ዕድሜዋን አሳጥሮባት እንደሆነ እኔ አላውቅም። አሳጥሮባትም ቢሆን ትንፋሿን ለማን እንደሰጠችው አውቃለሁ። «ሟርቷ በራሷ ወረደ» የተባለው የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ ነው፤ ያን ያወሩት ደግሞ ያን ቀን ቆመው ሲያዩ የነበሩት ናቸው።

የሚከተለውን ካነበቡ በኋላ ይፍረዱ። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ወይዘሮ ዘውድነሽ ከቡልቡላ መጡ። ማን መሆናቸውን ሲያውቁ የሠፈሩ ሴቶች ፊታቸውን አጠቆሩባቸው። እማማ ጤናዬ ሙሾ ሊያወርዱ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ሴትዮዋ እጃቸውን ያዙና «ለእኔ ይተዉልኝ፣ የእኔ ነው» አሏቸው። ሙሾ የሚችሉ አይደሉም። ድምፃቸው ሻካራ ነው፣ ዜማውም ይጠፋባቸዋል። መሐል ቆመው እንዲህ አሉ፤

ልጄ ሞተ ብዬ ጮኼ ብመጣ፣
ልጅሽ መለሰችው፣ የሷ ነፍስ ወጣ።

እማማ ጤናዬ ራሳቸው ተቀበሏቸው። እኔ መርዶውን ከሰማሁ ጀምሮ እንባ እንቢ ብሎኝ ነበር፤ ያን ጊዜ መጣልኝ። ሰብስቤ ድንኳን አልገባም። ለለቀስተኛው ውኃ ሲቀዳ ሰነበተ፤ እኔን ሲያይ ባልዲውን አስቀምጦ መሬት ያያል። ሴትዮዋ ሲሰናበቱኝ አንገቴን አቅፈው «በልጄ ላይ አሟርታለች የሚል ሰው ቢመጣብሽ ወደ እኔ ላኪልኝ፤ እኔ ነኝ እናቱ» አሉኝ። ቡልቡላ በየወሩ በእመቤታችን ቀን ጧፍ ያበሩላታል። የተለቀሰለት ልጅ እናት ይህን ካደረጉላት፣ ወንድሜ፣ የእናቷ ወንድም ምን ይከለክልዎታል? ሙሾ እንደማይወዱ አውቃለሁ። ስለ ሙሾው ይገሥጹኝ፣ እሰማለሁ። ከእኔ ጋር ይጣሉ፣ ችዬ እኖራለሁ። እሷን ግን ከአባቶቿ አይለዩብኝ።

እትዬ ይርጋለምን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ፤ ወገባቸውን በሙቅ ጨው ያሳሹት። የልጅ ልጆቹን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ፤ ትንሿ መዝፈን ጀመረች አሉኝ፣ አይከልክሏት። መሪጌታው በሕይወት ካሉ ከመሬት ዝቅ ብዬ ሰላም ብያለሁ። ጎረቤቱን፣ የደብሩን ካህናትና የቆሎ ተማሪዎቹን ሁሉ በስማቸው እየጠሩ ሰላም ይበሉልኝ። ጋሽ ፈይሳና እማማ ጤናዬ እጅዎን ይስማሉ፤ ይህን እንደምጽፍልዎት ያውቃሉ፣ መልስዎን ከእኔ ጋር ይጠብቃሉ።

ይህን ደብዳቤ እርስዎ ቢያነቡት፣ ዓይንዎ ቢደክምና ዲያቆኑ ቢያነብልዎት፣ ወይም እትዬ ይርጋለም ጎንዎ ተቀምጠው ቢሰሙት፣ የሰማችሁ ሁሉ ልጄን በጸሎት አስቧት። ተሻለች የቤት ስሟ ነው። ልወልዳት መንዝ ወጥቼ፣ እርስዎ አቅፈው ውኃው ውስጥ ሲነክሯት ያወጡላት የክርስትና ስም ወለተ ሥላሴ ነው። ጥር ላይ ቆመው እሱን ይጥሩላት፤ ነፍሷን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን ይበሉላት።

ታናሽ እህትዎ
ሮማነወርቅ
ናዝሬት፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.